ጭማሪ ደጅ ጥናት አይደለም

የሙያ ባልደረቦቼ የደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅ ሲነሡ አንገታቸውን ሲሰብሩ ባየሁ ቁጥር፣ ደጅ ጥናት ከዚህ አገር መች ወጣ እላለሁ። ድሮ ሹመት ፈላጊው ከጌታው ደጅ ቆሞ ጌታው ዐይኑን እስኪጥልበት ይጠብቅ ነበር። የዛሬው ግራፊክ ዲዛይነር ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ «ልጅ ወለድኩ፤ የቤት ኪራይም ጨመረብኝ፤ እባክዎ ትንሽ ነገር ያስቡልኝ» ይላል። ትንሽ ነገር! ሙያችንን ዋጋ ያሳጣችው ይህቺው «ትንሽ ነገር» ናት።

ይኸው ሰው እኮ መርካቶ ሲወርድ ለአንድ ጥንድ ጫማ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይከራከራል። ባለሱቁ ግን «ልጄ ታሞብኛልና ጨምርልኝ» አይለውም፤ የጫማውን ዋጋ ይነግረዋል፣ አለቀ። የሠራተኛው ችግር የሠራተኛው ነው። አሠሪው የሚገዛው ሥራውን ነውና መነገር ያለበት የሥራው ዋጋ ነው። ችግሩን ያስቀደመ ሰው ምጽዋት ጠይቋልና የሚሰጠውም ምጽዋት ነው።

ለመሆኑ ስንት ይጠየቅ? ብዙዎቹ ከአየር ላይ አንድ ድፍን ቁጥር ይቀጥፋሉ። «5 ሺህ ልበል ወይስ 3?» እያሉ እኔንም የሚያማክሩኝ አሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው እጃቸው ላይ ስንት እንዲደርስ እንደሚፈልጉ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ በሆነው የወር ደመወዝ ላይ መንግሥት 35 በመቶ ይወስዳል። 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። እንግዲህ 20,000 ብር የሚከፈለው ዲዛይነር 5,000 ብር ቢጨመርለት፣ 1,750 ብር ለግብር፣ 350 ብር ለጡረታ ሄዶ ኪሱ የሚገባው 2,900 ብር ብቻ ነው። ንጹሕ 5,000 ብር የሚፈልግ ከሆነ ከ8,600 ብር በላይ መጠየቅ ይኖርበታል። አሠሪው ሒሳብ ሹሙ ከጎኑ ስለሆነ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ሳያሰላ የሚገባው ጠያቂው ነው።

ቀጥሎ ወለሉ ይለይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከ130 ብር አለፈ። የእኛ መሣሪያ ደግሞ፣ ኮምፒዩተሩም፣ የፎቶሾፑ ክፍያም፣ የሚተመነው በዶላር ነው። ወረቀቱና የማተሚያ ቀለሙም ያው ከውጭ ነው የሚመጣው። አሠሪዎቻችን ለደንበኛ ዋጋ ሲጨምሩ የሚጠቅሱት ይህንኑ አይደለምን? ለወረቀቱ የተጨመረው ወረቀቱን ለሚያስጌጠው እጅ የማይጨመረው በምን ሕግ ነው? በእኔ ሚዛን፣ ካለፈው ጭማሪ ወዲህ ደመወዙ ያጣው የመግዛት አቅም የጥያቄው ወለል ነው። ከዚያ በታች የሚሰጠውን ጭማሪ ብሎ መጥራት ቀልድ ነው።

ጣሪያው ያንኑ ሥራ በውጭ ማሠራት የሚያስወጣው ገንዘብ ነው። ወሩን ሙሉ የተሠራው ዓርማ፣ ብሮሹር፣ የማሸጊያ ንድፍ በቁራጭ ዋጋ ይደመር። «እኔም እኮ 11 በመቶ ጡረታ እከፍልልሃለሁ፤ ሥራ በጠፋበት ወርም ደመወዝህን አላጓድልም» የሚል አሠሪ እውነቱን ነው፤ ይቀነስለት። እሱ ግን ሲያሰላ ይህን አይረሳም፤ እኛ የምንረሳው አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ተቀጣሪ በሥራው ያፈለቀው የፈጠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የአሠሪው ነው ይላል። ዓርማው 20 ዓመት በየመኪናውና በየካርቶኑ ላይ ቢኖር ለሠሪው ሰባራ ሳንቲም አይመጣለትም። ያ ሁሉ ዘመን በዚያች የወር ደመወዝ ውስጥ ተጠቃልሎ ተሸጧል። ታዲያ ለሽያጩ ማፈር ምን ይሉታል?

እርግጥ ይህ ሐፍረት ሥር አለው። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሥራው እየተጠቀመ በስሙ ሲንቀው የኖረ አገር፣ የእኛንም እጅ «ኮምፒዩተሩ እኮ ነው የሚሠራው» ቢል አይገርምም። የሚገርመኝ እኛው ማመናችን ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እያልን በምሳሌ የምናድግ ሰዎች፣ ደመወዛችንን ከባልደረባ እንደ ነውር እንደብቃለን። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚያገኝባቸው ቤቶች አሉ፤ ያንን የሚያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ለጠየቀኝ የሙያ ባልደረባ ሁሉ ደመወዜን እስከ ሳንቲሙ እናገራለሁ። እስካሁን ከዚህ የጎደለብኝ የለም።

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል መልስም ይመጣል። ቤተሰብ ከሆንን የውርሱ ድርሻ የት አለ? «እናስብበታለን» ከተባለም ቀን ይጠየቅ፤ ቀኑም በጽሑፍ ይሁን። ቀኑ ካለፈ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ያ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ከወደቀ በኋላ ስንቱ ሥራ አስኪያጅ ከወንበሩ ተነሥቶ «ምነው፣ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ!» እንዳለ በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።