«ለጸሎት ነው» እያልን የምናስተላልፈው

እሁድ ፕሮግራም ሲያልቅ ከማንጎው ዛፍ ሥር የሚጠብቁኝን ወጣቶች ምዕመናኑ ሁሉ ያውቋቸዋል። የትምህርቱን ጥያቄ ይዘው የሚመጡ አይምሰላችሁ፤ ስልክ ይዘው ነው የሚመጡት። «መምህር፣ የዚህኛው ራም ስንት ነው? ባትሪው የጋምቤላን ሙቀት ይችላል?» ይሉኛል። እኔም ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። ስልክ ወዳድ መሆኔን አልደብቅም። ቴክኖ ካሜራውን ለጠቆረ የቆዳ ቀለም እንዲስማማ አድርጎ እንደሚሠራ የሰማሁ ቀን እንደ ምሥራች ነበር ለጓደኞቼ ያወራሁት። ለዓመታት በምሽት ፎቶ ላይ ጥርሳችንና ሸሚዛችን ብቻ ሲታይ ለኖርን ለእኛ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የስልክ ጠላት የጻፈው አድርጋችሁ አትውሰዱት። ነገር ግን ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ሚሞሪው ስትጠይቁኝ፣ አንድም ቀን ያልጠየቃችሁኝ ነገር አለ፤ ያቺ የታጠፈች ትንሽ ቀስት። ፎርዋርድ የምንላት። በስልካችሁ ላይ ካለው ሁሉ አደገኛዋ እርሷ ናት። ይህንንም ከመጽሔት አንብቤ አልነግራችሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በከተማችን ውጥረት በነበረበት አንድ ምሽት፣ የተቃጠሉ ጎጆዎች ፎቶ በቴሌግራም ደረሰኝ። ከሥሩ የአንድ ቀበሌ ስም ተጽፎ «ዛሬ ሌሊት ይመጣሉ» ይላል። ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደተነሳ አልጠየቅሁም። «ወገኖች፣ ለጸሎት ነው» የሚል አንድ መስመር ጨምሬ ለወጣቶች ኅብረት ግሩፕ ላክሁት። ከዚያ ተንበርክኬ ጸለይሁ። ሕሊናዬም አልከሰሰኝም፤ ተኛሁ።

ጠዋት የአንዷ እህታችን እናት ሦስት ልጆች ይዘው ሌሊቱን በባሮ ዳር ሣር ውስጥ እንዳደሩ ሰማሁ። ትንሹ ልጅ ትኩሳት ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክሞ ዳነ። ወደዚያ ቀበሌ ግን ማንም አልመጣም። ፎቶውም የሌላ አገር፣ ዓመታት ያለፉት ፎቶ ነበር። የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አብረው ያደጉ፣ አንድ ኳየር ውስጥ የሚዘምሩ ልጆች ለሳምንታት በአንድ ወንበር አልተቀመጡም። አኙዋው ወደ አኙዋው፣ ኑዌሩ ወደ ኑዌሩ ተጠጋ። ያንን ያደረግሁት እኔ፣ አስተማሪያቸው ነኝ።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር። «ለጸሎት ነው» የሚለው ቃል በእኛ በአማኞች መካከል የወሬ የይለፍ ወረቀት ሆኗል። ሌላው ሰው ወሬ ሲያወራ ቢያንስ ወሬ መሆኑን ያውቃል። እኛ ግን በጸሎት ጠቅልለን ስለምንልከው ላኪው አይፈራም፣ ተቀባዩም «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል፤ መጠየቅ ጸሎትን መናቅ ይመስለዋልና። ለመሆኑ እግዚአብሔር ጋምቤላን ለማየት የእኛ ፎቶ ያስፈልገዋል? «ስለ ከተማችን ሰላም እንጸልይ» ብሎ መጻፍ አይበቃም ነበር? ዘጸአት 23፥1ን ክፈቱ። ሐሰተኛ ወሬን በተመለከተ የተሰጠው ትእዛዝ «ለጸሎት ከሆነ በስተቀር» የሚል ቀሪ ነገር የለውም።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «መምህር፣ ማስጠንቀቂያ ነፍስ ያድናል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የገቡ ታጣቂዎች በጂካዎና በላሬ አካባቢ ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው ሄደዋል። ይህ በደረሰበት ክልል «አትደንግጡ» ብሎ መስበክ ቀልድ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያና ፎርዋርድ አንድ አይደሉም። ማስጠንቀቂያ ባለቤት አለው፤ ቦታና ሰዓት አለው፤ ደውላችሁ «አንተ አይተሃል?» ብትሉት የሚመልስላችሁ ሰው አለ። የእኔ ፎቶ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። እንዲያውም ባለቤት የሌለው ማስጠንቀቂያ ሲበዛ፣ እውነተኛው የመጣ ቀን የሚያምን ሰው ይጠፋል።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ጥፋቱን ወደ ኩባንያዎቹ ታዞራላችሁ። ከፊሉ ልክ ነው። በሕንድ «ልጅ ሰራቂዎች መጡ» የሚል ወሬ በዋትስአፕ ተሰራጭቶ ንጹሐን በሕዝብ ተደብድበው ከተገደሉ በኋላ፣ ኩባንያው በ2010 ዓ.ም. በዚያ አገር አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 ቻት በላይ እንዳይላክ ገደበ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲሄድ አደረገ፤ እንዲህ ያሉ መልእክቶች በ70 በመቶ እንደቀነሱም ራሱ አሳወቀ። አስቡት፤ ማንም ሰው ልቡን አልለወጠም፤ ጣቱ ትንሽ እንዲዘገይ ብቻ ተደረገ። አምስትም ቢሆን ትንሽ አይደለም። አንዱ ለአምስት፣ አምስቱ እያንዳንዳቸው ለሌላ አምስት እያሉ ቢሄዱ በአምስተኛው ዙር ብቻ 3,125 ሰው ይደርሰዋል። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል።

በአገራችንም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቶአቸው ከክስ ጋር በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከስሷል። ኩባንያው የሚጠየቅበትን ፍርድ ቤቱ ይጠይቀው። ነገር ግን ያንን ጽሑፍ አይቶ ሼር ያደረገው እያንዳንዱ ሰው የማን ሠራተኛ ነበር?

ደግሞስ ማንን ነው የምንጠብቀው? ጉግል በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ ትርጉም አገልግሎቱ 110 ቋንቋዎች ሲጨምር ኑዌርኛ አንዱ ነበር፤ ዜናውን ባነበብሁ ጊዜ ዘለልሁ። አኙዋ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ በአኙዋኛ፣ በመዠንግርኛ ወይም በኦፖኛ በድምፅ የተላከን ወሬ ካሊፎርኒያ ያለ ማሽን ያጣራልናል ብላችሁ አትጠብቁ። ቋንቋውን የሚያውቀው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አጣሪውም እናንተ ናችሁ።

ከሽማግሌዎቻችን መካከል «ሁሉም ቁልፍ ስልክ ቢይዝ ይሻላል» የሚሉ አሉ። በአክብሮት አልስማማም። ወሬ ከስልክ በፊትም በእግሩ ይሄድ ነበር። ያን ሌሊት ፎቶውን ሐሰት መሆኑን ማወቅ የምችለውም በዚያው ስልክ ነበር፤ ጉግል ሌንስን ከፍቼ ፎቶውን ብፈልግበት ኖሮ ከየት እንደመጣ አገኘው ነበር። መድኃኒቱ በእጄ ላይ ሳለ መርዙን መረጥሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ወደዚያ ቦታ ደውላችሁ በዓይኑ ካየ ሰው ሳትሰሙ አታስተላልፉ። ፎቶ ከሆነ መጀመሪያ ፈልጉት። የአንድን ወገን ስም የሚያነሳ ከሆነ፣ ከዚያ ወገን ለሆነው ጓደኛችሁ ፊቱን እያያችሁ ልታነቡለት ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ተሳስታችሁ ከላካችሁ ደግሞ በዝምታ አታጥፉት፤ በላካችሁበት ግሩፕ «ሐሰት ነበር፣ ይቅር በሉኝ» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ይህን የጻፍሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ አራት ቀን በጣም ብዙ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ማሰራጨት ወንጀል አድርጎታል። ነገር ግን ፖሊስን ፈርታችሁ እንድትተዉት አልፈልግም፤ በባሮ ዳር ያደሩትን እናት አስባችሁ ተዉት።

በሚቀጥለው እሁድም ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ራሙን አብረን እናያለን። ከዚያ በፊት ግን እኔም አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ፦ በዚህ ሳምንት ደርሷችሁ ሳታስተላልፉ ያስቀራችሁት ምንድን ነው?