ሰልጣኙን ስቶር አታስጠብቁት



ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለትብብር ስልጠና ወደ ሕንፃ ሳይቶች የሚላኩ ወጣቶች ሙያ ሳይቀስሙ እየተመለሱ ነው። በተቆጣጣሪነት በምዞርባቸው ሳይቶች በተደጋጋሚ የማየው ነው። ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ስቶር ይጠብቃል፣ ሌላዋ የቀን ሠራተኛ ስትቆጥር ትውላለች። ጊዜው ሲያልቅ ማኅተም ተመትቶላቸው ይሸኛሉ። ኮሌጁም ማኅተሙን አይቶ ውጤት ይሞላል።

እነዚህ ልጆች ኮሌጅ የሚቆዩት ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ጊዜው ያጠረው ሙያው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን፣ ዋናው ትምህርት በተግባር ይሰጣል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ስልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይሁን ሲባል ዓመታት አልፈዋል። ሳይቱ ካላስተማረ የሚቀራቸው ትንሿ ድርሻ ናት።

ሶሌታ የሚሞላበትን ቀን እንውሰድ። አርማታው ወፍሮ በፌሮው መሀል አልገባ ሲል፣ ሠራተኛው ቶሎ ውሃ መጨመር ይቀናዋል። ውሃ የበዛበት አርማታ ለሥራ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። ይህን በጊዜ የሚጠቁመው ስላምፕ የሚባለው ፍተሻ ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኮን በ3 ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፤ ከዚያ ኮኑ ሳይዛነፍ ቀጥ ብሎ ይነሳና አርማታው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ከዚያው ቅልቅል የ15 ሴንቲ ሜትር ኪዩቦች ተሞልተው ውሃ ውስጥ ይቆያሉ፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገብተው እስኪሰበሩ ይጫናሉ።

ይህ የቴክኒሻን ሥራ ነው። እጁ ያልለመደ ልጅ ቁጥሮቹን ለምዘና ሸምድዶ ይመልሳቸው ይሆናል፤ ሚክሰሩ ላይ ውሃ ሲደፋ እያየ ግን «ተው» የሚልበት ድፍረት አያገኝም። ድፍረቱ የሚመጣው ደጋግሞ ከመሥራት ነው።

ኮንትራክተሮች «ሥራ ያዘገዩብናል፣ ቢጎዱም እኛ ነን የምንጠየቀው» ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ሄልሜትና የደኅንነት ጫማ ሳይዝ፣ ኢንሹራንስ ሳይገባለት ሰልጣኝ መላክ የለበትም፤ ይህን ኮሌጁ ያሟላ። ነገር ግን ብቁ ቴክኒሻን ጠፋ ብለው የሚያማርሩትም እነሱው ናቸው።

ትምህርትን ከሥራ ማጋባት ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የኢትዮ-ስዊድን ተቋም፣ ብዙዎቻችን ሕንፃ ኮሌጅ የምንለው፣ ማስተማርን ከምርምርና ከግንባታ ዕቃዎች ፍተሻ ጋር አስተሳስሮ ነበር የጀመረው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ሳይት ሰልጣኝ ሲቀበል ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ባለሙያ ይመድብ። የሰልጣኙ መዝገብ፣ እሱ ሳይት የተገኘበትን ቀን ሳይሆን የሠራውን ሥራ ይያዝ፦ ስላምፕ ወስዷል? በሌቭል መሣሪያ ከፍታ አንብቧል? የስታፋውን (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ብረት) ርቀት ከድሮዊንጉ ጋር አስተያይቷል? በመንግሥት ገንዘብ በሚሠሩ ፕሮጀክቶችም ይህ ግዴታ በውሉ ውስጥ ይግባ።

ዛሬ ስቶር የምናስጠብቀው ልጅ ነገ ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ፌሮ ይፈትሻል። ሥራውን የሚማርበት ቦታ ሳይታችን ነው፤ እናስተምረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ ከአዲስ አበባ