ጠላቂዎችና የወንድነት ሆርሞን

በጂዳና በሁርጋዳ ዳርቻ የአየር ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ ቀይ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ለአንዳንዱ መዝናኛ፣ ለአንዳንዱ እንጀራ ነው። በጠላቂዎች ዘንድ የቆየ አንድ ወሬ አለ፤ «ጠላቂ ወንድነቱ ይደክማል፣ ሴት ልጅ ይበዛበታል» የሚል። ሴት ልጅ ማግኘትን እንደ ጉዳት መቁጠሩ ራሱ ያስገርማል። ለማንኛውም ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ።

ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ በሚመጣ ትእዛዝ በዘር ፍሬ ውስጥ ይመረታል። ድካምና ጭንቀት ሲበረቱ ይህ ትእዛዝ ለጊዜው ሊዳከም ይችላል። ይህ ግን የጠላቂ ብቻ ዕጣ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ቴስቶስቴሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እስከ ሌሊት ቴሌቪዥን ላይ የሚያፈጥ ሰው ስለ ባሕር ባይጨነቅ ይሻላል! ወሬ ሰምቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቴስቶስቴሮን መርፌ የሚወጋማ የባሰውን ይሠራል፤ መርፌው የፒቱታሪን ትእዛዝ ስለሚያፍን የወንድ ዘር መመረቱን ሊያቋርጠው ይችላል።

ጠላቂን በእርግጥ የሚነካው ሌላ ሆርሞን ነው። ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ከእግርና ከክንዱ ወደ ደረቱ ይገፋል። ልብ ሲወጠር ውሃ የበዛ ይመስለውና ሽንት የሚያስወጣ ሆርሞን ይለቃል፤ ውሃ ቆጣቢው ቫሶፕሬሲን ደግሞ ይቀንሳል። ጠላቂን ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያጣድፈው ለዚህ ነው። ከሲሊንደሩ የሚተነፍሰው ደረቅ አየርም እርጥበቱን ይወስድበታል።

ይህን በረመዷን አስቡት። ጾመኛው ከሱሑር ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም፤ ባሕሩ ግን ያለችውንም ያስወጣዋል። በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው አራት እጥፍ ነው፤ በዚያ ግፊት በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ሰውየው ሲወጣ አረፋ ሠርቶ መገጣጠሚያንና ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። የሰውነት ውሃ ማነስ ይህን አደጋ እንደሚያባብስ የመስኩ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ለመዝናናት የሚጠልቅ ከዒድ በኋላ ያድርገው። ሥራው የሆነበት ደግሞ ጥልቁን ሥራ ከወሩ ውጪ እንዲያደርጉለት አሠሪውን ይጠይቅ፤ ካልሆነለት የጾሙን ነገር ከዑለማ ጋር ይመካከር።

ከውሃ ወጥቶ መገጣጠሚያው የሚያመው ወይም እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ኢፍጣር እስኪደርስ አይጠብቅ፤ ሕክምናው ንጹሕ ኦክስጅንና ልዩ የግፊት ክፍል ስለሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ።