ሞተር ብቻውን አያፈጥንም

የውድድር ድሮን ለመገጣጠም የሚነሳ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የስንት ኬቪ ሞተር ልግዛ?» ብሎ ነው። ያለችውን ገንዘብ ትልቅ ቁጥር በተጻፈበት ሞተር ላይ ሲጨርስ ማየት ያንገበግበኛል። ኬቪ የሚነግረን ሞተሩ ምንም ሳይታሰርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ብቻ ነው። 1,900 ኬቪ ሞተር ሙሉ በተሞላ ባለ ስድስት ሴል ባትሪ፣ ማለትም በ25.2 ቮልት፣ ወደ 48,000 ዙር ይጠጋል። ባለ አምስት ኢንች ፕሮፔለር ሲታሰርበት ግን አየር መግፋት አለበት፤ ባትሪውም ሲጫነው ቮልቴጁ ይወርዳል። ያ ሁሉ ዙር አይገኝም።

ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር እንደ ብሎን ወደፊት የሚሄድበት ርቀት ፒች ይባላል። ፒቹ 4.5 ኢንች ሆኖ በደቂቃ 30,000 ጊዜ ቢዞር በስሌት በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። «እንግዲያው ፒቹን እንጨምር» የሚሉ አሉ። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፕሮፔለር 10 በመቶ አፍጥኖ ለማዞር አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ ፒች ሲጨመርም ሸክሙ እንዲሁ ይከብዳል። ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪው ይዝላል፣ ዙሩ ይቀንሳል፤ የተጨመረው ፒች ትርፉ በዚያው ይጠፋል።

በ2024 ደቡብ አፍሪካዊው ሉክ ቤል ከአባቱ ጋር የሠራው ድሮን በሰዓት 480.23 ኪሎ ሜትር በርሮ ክብረ ወሰን ሰበረ። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን የተሠራው ቀጥ ብሎ ለመብረር ነው። የውድድር ሜዳ በር እና ኩርባ ይበዛበታል። እዚያ የሚያሸንፈው ከኩርባው ሲወጣ ዙሩን ቶሎ የሚመልስ ድሮን ስለሆነ፣ እኔ ቀለል ያለና መካከለኛ ፒች ያለው ፕሮፔለር እመርጣለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ለሚያበር ሌላም ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በእኩል ዙር የሚገኘው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቆላ ላይ የተለካ ሰንጠረዥ እዚህ አይሠራም። ሸክሙ ስለሚቀል ፒቹን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይሁንና ስስ አየር ሞተርንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ አጭር በረራ አድርጎ ሞተሩን በጣት መንካት ነው። ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ዝቅ ያለ ፒች ይሞከር። ፕሮፔለር ከሞተር በብዙ ይረክሳል።