ወፏን የሚያውቅ ደኑን ይጠብቃል

ስለ ደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ስንነጋገር ወሬያችን ብዙውን ጊዜ በቡናና በምንጣሮ ተጀምሮ በእነሱው ያልቃል። ወፎቹንና ወፎቹን የሚያሳየውን ሰው ግን እንዘነጋለን። ከእነዚህ ደኖች መካከል ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግበዋል። አገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኙባታል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከደኑ ዳር የተወለደን ወጣት የወፍ አስጎብኚ አድርጎ ማሠልጠን የቱሪዝም ማድመቂያ ብቻ አይደለም፤ ራሱ የደን ጥበቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ከችግኝ ተከላና ከደን ዘበኛ እኩል በዕቅድና በበጀት ሊታይ ይገባዋል።

በሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት ዓይንና ባይኖኩላር ይበቃሉ። በዝናብ ደን ውስጥ ግን አይበቁም። ቀረሮው ከሠላሳ ሜትር በላይ ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ወፉ ቀድሞ የሚገኘው በጆሮ ነው። ሶሪት ቀይ ክንፏን ብልጭ አድርጋ ስትሰወር፣ ያላወቀ እንግዳ ምን እንዳለፈው እንኳ አይረዳም። ድምፁን የሚለይ፣ ዋንዛውና ሾላው መቼ እንደሚያፈሩ፣ ፍሬውንም ማን ሊለቅም እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ዕውቀት በካፋ ከባዶ አይጀመርም። ቀፎውን ዛፍ ላይ የሚሰቅለው አናቢ የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንደሚያብብ ከአባቱ ተምሯል። የጎደለው የወፎች መለያ መጽሐፍ፣ መሣሪያ፣ የውጭ ቋንቋና ሙያውን የሚያስከብር ፈቃድ ነው።

ነገሩ በሌላ አገር ተሞክሮ ታይቷል። በሰሜን ምዕራብ ኢኳዶር፣ በሚንዶ አካባቢ፣ አንሄል ፓስ የተባለ ገበሬ ዛፍ እየቆረጠ ይኖር ነበር። በመሬቱ ላይ ያለውን ወፍ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ሰው እንዳለ ሲረዳ ግን ደኑን ማስጎብኘት ጀመረ። ከጥሻ የማይወጣን ብርቅ ወፍ በትል እያላመደ ለእንግዶች እስከማሳየት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የቆመው ዛፍ ከተቆረጠው ይልቅ እንጀራው ሆነ። ሩዋንዳ ደግሞ ጥቅሙን በሕዝብ ደረጃ አደላደለችው። ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢ 5 በመቶውን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለአጎራባች ነዋሪዎች ስትመድብ ቆይታ፣ በ2017 ድርሻውን ወደ 10 በመቶ አሳደገችው። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፦ ሰው ደንን የሚጠብቀው ገቢው በእጁ ሲገባ ነው።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። አንደኛው፣ ወፍ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ጥቂት ነው፣ ሰላም ሲደፈርስ ወይም እንደ ኮሮና ዘመን በረራ ሲቆም ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህም ቤተሰብን ሙሉ በሙሉ በእንግዳ ላይ ማንጠልጠል ስህተት ይሆናል። ነገር ግን አስጎብኚነት ቡናውንና ማሩን አይተካም፣ ይደርብባቸዋል። ሦስቱም የሚኖሩት ደኑ ሲቆም ነው፤ አንዱ ሲዳከም ሌላው ይደግፋል። ሁለተኛው፣ ጎብኚ ራሱ ወፉን ይረብሻል የሚለው ነው። የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ማሰማት፣ ጎጆ ድረስ መጠጋት፣ ያለ ጥንቃቄ በምግብ ማላመድም በእርግጥ ይጎዳሉ። ይህን የሚገታው ግን ራሱ የሠለጠነው አስጎብኚ ነው፤ ወፏ ጎጆዋን ጥላ ከሄደች የነገ ገቢው አብሯት ስለሚሄድ ከማንም በላይ ይጠነቀቅላታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፦ ገንዘቡ አዲስ አበባ ላይ ይቀራል። መኪናው፣ ሆቴሉና አስጎብኚው ከከተማ ከመጡ ለካፋዋ ከተማ ለቦንጋ ወጣት የሚተርፈው የጎማ አቧራ ነው። መድኃኒቱ ደንብ ነው። ወደ ደኑ የሚገባ ማንኛውም ቡድን ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚ እንዲይዝ ይገደድ፤ ክፍያው በግልጽ ተለጥፎ ይታወቅ፤ ከመግቢያው የተወሰነ ድርሻ ደኑን በጋራ ለሚያስተዳድሩት ማኅበራት ይግባ። በካፋ አሳታፊ የደን አስተዳደር ዓመታትን ያስቆጠረ በመሆኑ ገንዘቡን የሚቀበልና የሚቆጣጠር አደረጃጀት ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። መጥረቢያ ያነሳውን ሰው አንድ ዘበኛ ሊያሳድደው ይችላል። መጥረቢያውን ከነጭራሹ እንዳያነሳ የሚያደርገው ግን የዛፏን ነዋሪዎች በስም የሚያውቅና በእነሱ የሚኖር ጎረቤቱ ነው።