እጅ ከማውጣት በፊት

ስለ ፌዴራሉ ፓርላማ ሲነሣ እኛ ተማሪዎች ስንከራከር እናመሻለን፤ የክልላችንን ምክር ቤት ግን በጀት ያጸደቀ ዕለት በሬዲዮ ካልሰማነው መኖሩንም አናስታውስ። ይህ ቸልታ የሚገባ አይመስለንም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የምክር ቤቱ ተጠሪነት ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል፤ ለርእሰ መስተዳድሩ አላለም!

ሕግ ማውጣቱና በጀት ማጽደቁ የታወቀ ነው። ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው አንቀጽ 105ን ነው። የዜጎች መብት የተዘረዘረበት ምዕራፍ ሦስት እንዲሻሻል ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ብቻ ሳይሆኑ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። አንዱ ብቻ እምቢ ቢል ነገሩ ይቆማል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመውን የፌዴሬሽን ምክር ቤትም፣ ምርጫውን በቀጥታ ለሕዝብ ካልተዉለት በቀር፣ አባላቱን የሚመርጡለት እነዚሁ ናቸው።

ታዲያ ይህን ያህል አደራ የተሸከመ ሰው ሪፖርቱ ተነብቦ ሳያልቅ ለጭብጨባ ቢሰናዳ ምን ይባላል? ጥፋቱ የተመራጩ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቀው የለም። ክረምት ወደየወረዳችን ስንገባ የወከሉንን ሰው ፈልገን፣ ባርኔጣችንን አውልቀን በአክብሮት፣ «ስለ መንገዱና ስለ ጤና ጣቢያው በዚህ ዓመት ጉባኤ ምን ጠየቁልን?» እንበላቸው። መልሳቸውንም ጽፈን እንያዝ፤ በመስከረም እዚሁ መጽሔት ላይ እናወጣዋለን።