ኩበቱ ለምድጃ ወይስ ለጓሮ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጓሮ አፈር ነው። ወደ አሰላ፣ ወደ ኢተያ፣ ወደ በቆጂ ስትወጡ በየደጁ ተለጥፎ ወይም ተከምሮ የሚደርቀውን ኩበት ሳታዩ አትቀሩም። ያ ክምር የቤቱ ማገዶ ነው፤ የጓሮው ምግብም እሱው ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን ግን አይችልም። የብዙ ቤት የጓሮ አፈር ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አርሲ ከአፈር ማዳበሪያ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች “ካዱ” የሚሉት፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ ለገበሬው አስለመደ። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም እስከ ዛሬ ስንዴውን ያሻሽላል። ስንዴው በረከት አምጥቷል። ዳፕና ዩሪያ ግን ተክሉን ይመግባሉ እንጂ አፈሩን አያለሰልሱም፣ ውኃም አያስይዙትም። ያን የሚሠራው የበሰበሰ ቅጠል፣ ገለባና እበት ነው። ገለባው ለከብት፣ እበቱ ለእሳት ከሄደ ወደ አፈር የሚመለስ ነገር አይኖርም።

እበት ሲነድ ምን ይጠፋል? ለቅጠል ልምላሜ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከሞላ ጎደል ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አፈርን የሚያለሰልሰው ክፍሉም ተቃጥሎ ያልቃል። የሚተርፈው አመድ ነው።

ታዲያ “ኩበት አትንደዱ” ብሎ መምከር ለጸሐፊ ይቀላል፤ እንጀራ የምትጋግረው እናት ግን ማገዶ ከየት ታምጣ? ስለዚህ የአፈሩ ሥራ የሚጀምረው ከማድ ቤት ነው። ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው “ምርጥ” የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን በእጅጉ ይቆጥባል። የተቆጠበው ኩበት የጓሮው ድርሻ ይሁን። አራት ያህል ከብት ያለው ቤት ደግሞ ባዮጋዝ ቢያስገነባ ከሁለቱም ይጠቀማል፤ ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ ዝቃጩም እንደ ፍግ ያገለግላል። ይህ የባልና የሚስት ምክክር ይጠይቃል፤ ምድጃውን የሚገዛው ገንዘብና ጓሮውን የሚያለማው ጉልበት ከአንድ ቤት ነውና።

አሁን ወደ ብስባሹ እንምጣ። በአሰላ ደጋ ብርድ ስላለ ብስባሽ እንደ ቆላው ቶሎ አይደርስም፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ያስፈልገዋል። በክረምት ውኃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ ይከመር። በበጋ ደግሞ እርጥበቱን እንዲይዝ ጉድጓድ ይሻለዋል። በታህሳስ፣ የአውድማው ገለባ ትኩስ እያለ የተጀመረ ጉድጓድ ለበልግ ተከላ ይደርሳል።

ከታች አየር እንዲያስገባ የአገዳና የጭራሮ ንጣፍ አድርጉ። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ገለባና አረንጓዴ ቅጠል፣ ከዚያ ስስ የእበት ንጣፍ፣ ከዚያ እፍኝ አፈር በትኑ። እያንዳንዱን ንጣፍ ውኃ እያርከፈከፋችሁ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ድገሙት። ዘር የያዘ አረም አታስገቡ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ ስለማይበሰብስ ይቅር። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ትከሉ። ከሳምንት በኋላ ስትነቅሉት ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው ተጀምሯል። ደረቅ ከሆነ ውኃ ጨምሩ፤ ከሸተተ አገላብጡት። በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ ያፈጥነዋል። ሲደርስ ጠቁሮ የጫካ አፈር ይሸታል። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ ግማሽ ባልዲ ይበቃል።

አመዱስ? አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ የአፈር አሲዳማነትንም ይቀንሳል። በአገራችን ከታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። በሰፊ ማሳ መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው። ለጓሮ ግን ለጎመን፣ ለሽንኩርትና ለባቄላ መደብ በዓመት አንዴ፣ በካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ የእንጨት ወይም የኩበት አመድ መበተን ይረዳል። የድንች መደብ ላይ ግን አታድርጉ፤ የድንቹን ልጣጭ የሚያሻክረው የእከክ በሽታ አሲድነቱ በቀነሰ አፈር ይብሳል። አመድን ከዩሪያ ወይም ከትኩስ እበት ጋርም አትቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል።

ሦስት ቀላል ልማዶችም አሉ። አንደኛ፣ ባቄላና አተር ሲደርሱ ከነሥራቸው አትንቀሉ፤ አገዳውን አጭዳችሁ ሥሩን ተዉት። በሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ከአየር የተያዘ ናይትሮጅን አላቸው። በሚቀጥለው ወቅት እዚያው ላይ ጎመን ትከሉ። ሁለተኛ፣ ባዶ መደብ በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ይሸፈን፤ የሐምሌ ዝናብ የሚያጥበው የተራቆተ አፈርን ነው። ሦስተኛ፣ ጥቁሩን ኮቲቻ እርጥብ ሳለ አትርገጡት፣ አትቆፍሩትም፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንባችኋል። ውኃ የሚተኛበት ከሆነም መደቡን ከፍ አድርጉት።

አፈራችሁ መሻሻሉን በምን ታውቃላችሁ? ዝናብ በገባ ጊዜ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር፣ ጥልቀቱም እንዲሁ አንድ ስንዝር የሆነ አፈር በአካፋ አውጥታችሁ በጆንያ ላይ ፈርፍሩትና ትሎቹን ቁጠሩ። አሥርና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ አፈሩ ሕያው ነው። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ብስባሽ ይጠማዋል። ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙና በሚመጣው ክረምት እዚያው ቦታ ድገሙት። ልጆቹ ይቁጠሩት፤ ሥራውን ይወዱታል፣ ከአፈሩም ጋር ይተዋወቃሉ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጀምሩ፤ ከየዕለቱ እበት አንድ አካፋ ለጓሮው ለዩ። ከሦስት ወር በኋላ የሚኖረው ክምር ለመጀመሪያው መደብ ይበቃል።

መልካም የሥራ ሳምንት!